የሻገተ እህልና ጉበታችን

(በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በአማርኛ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት የቀረበ ንግግር። ላላዳመጣችሁና ደግማችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ ታትሞ ቀርቧል።)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሻገተ እህል ነው። ርእሱን ስትሰሙ «ይኼንንማ ማን ያጣዋል? የሻገተ አይበላም፤ በቃ!» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝን አጋጣሚ ላጫውታችሁና ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ላጋው ሞልቶ ውኃ ቤታቸው ገብቶ ነበር። የበቆሎው ከረጢት መሬት ላይ ተቀምጦ ስለነበር ከሥሩ ረጥቧል። አፉን ፈትቼ እጄን ሳስገባ ሞቀኝ፤ ሽታውም አፍንጫ ይይዛል። ወዲያው «እማማ፣ ይኼ ሻግቷል፤ መርዝ ነው፣ ይጣሉት» አልኳቸው። እሳቸውም ልጆቻቸውን አየት አደረጉና «እሺ ልጄ፣ ልጣለው። ማታ ለነዚህ ምን ልስጣቸው? አንቺ ታመጪልኛለሽ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በነርሲንግ ዲፕሎማ ስማር ስለ ጉበትም ስለ ሕዋስም በቂ ትምህርት አግኝቻለሁ። ለኚያ እናት ግን «ይጣሉት» ከማለት ሌላ የምነግራቸው አልነበረኝም፤ መዝገቤን ይዤ ወጣሁ። ያን ዕለት ማታ ከዚያው በቆሎ እንደሚቀቅሉ አውቄአለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የዛሬው ንግግር ለእሳቸው ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

መርዙ ምንድን ነው?

አገር ቤት ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ከአያቶቻችን ሰምተናል። ጓያ ጉዳቱ ከራሱ ከፍሬው ነው። የዛሬው መርዝ ግን እህሉ ከራሱ ያመጣው አይደለም፤ እህሉ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚሠራው ነው። ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቩስ ይባላል። በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ በቆሎ፣ ለውዝ፣ ማሽላ፣ በርበሬና ሌላም እህል ላይ ይወጣል። ከሻጋታው የሚወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል።

አፍላቶክሲን የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በአጭር ጊዜ አለቁ። ምክንያቱ ሲጣራ መኖአቸው ውስጥ የተቀላቀለው የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ ተገኘ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ያስከትላሉ ከሚባሉት ነገሮች ጎራ መደበው።

ይህ መርዝ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ የለውም። የምናየውና የሚሸተን ሻጋታው ነው። በመሆኑም ሻጋታው ተጠርጎ ወይም እህሉ ታጥቦ «ንጹሕ» ከመሰለ በኋላም መርዙ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

በዚችው በኬንያ የደረሰው

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከናይሮቢ በስተደቡብ ምሥራቅና ምሥራቅ ባሉት በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ከባድ የአፍላቶክሲን መመረዝ ደርሶ ነበር። እስከ ሐምሌ ወር ድረስ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። ከዚያ ቀደም በ1981 እ.ኤ.አ. በዚያው አካባቢ 20 ሰዎች ታመው 12ቱ ሞተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጎረቤት ታንዛኒያ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ የሰው ሕይወት አልፏል።

በ2004ቱ አደጋ እነዚያ ሰዎች ምን በሉ? ከራሳቸው ማሳ የሰበሰቡትን በቆሎ ነው የበሉት። ድርቅና የምግብ እጥረት ነበር። ሰብሉ ሳይደርቅ ተሰበሰበ። ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ እርጥቡ በቆሎ ከጎተራ ይልቅ ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ተከማቸ። በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ እርጥብ በቆሎ ቤት ውስጥ ያከማቹት ሰዎች ለሕመሙ ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። ሰዎቹ ግዴለሾች አልነበሩም፤ የተራቡና ያለቻቸውን እህል ለማትረፍ የሞከሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

በሕዋሳችን ውስጥ ምን ይሠራል?

እዚህ ቤታችን ከጭቃ ጡብ እንደሚሠራ ሁሉ ሰውነታችንም በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት (ሴሎች) የተሠራ ነው። ልዩነቱ ሕዋስ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። ይመገባል፣ ሥራ ይሠራል፣ ሲያረጅ በሌላ ይተካል። በአብዛኞቹ ሕዋሳት መሐል አስኳል አለ፤ በአስኳሉም ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል የሥራ መመሪያ ይገኛል። ሕዋሱ መቼ እንደሚባዛ፣ መቼ መባዛቱን እንደሚያቆም፣ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ከዚህ መመሪያ ነው።

ከምንበላው ምግብ አብዛኛው ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው። ጉበት እንደ ኬላ ነው፤ ጠቃሚውን ያሳልፋል፣ ጎጂውን ለውጦ በሽንትና በሐሞት በኩል እንዲወጣ ያደርጋል። አፍላቶክሲን ሲመጣም ጉበት ይኼንኑ ለማድረግ ይሞክራል። ሆኖም መርዙ በሚለወጥበት ጊዜ የተወሰነው ክፍል ከቀድሞው የባሰ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚጣበቅ ነገር ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው መንገድ ፈጣኑ ነው። ሰው ብዙ መርዝ ያለበት እህል ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሲበላ የጉበት ሕዋሳት በብዛት ይሞታሉ። ጉበት ደምን የሚያረጉ ነገሮችን ይሠራ ነበር፤ ያ ሲቆም ሰው ይደማል። በደም ሥር ውስጥ ውኃን የሚይዘውን ፕሮቲን ይሠራ ነበር፤ ያ ሲጎድል እግርና ሆድ ያብጣል። ቢጫውን የሐሞት ቀለም ያስወግድ ነበር፤ ያ ሲቀር ዓይን ቢጫ ይሆናል። በማኩዌኒና በኪቱይ የሞቱት ሰዎች በዚህ መንገድ ነው የሞቱት።

ሁለተኛው መንገድ ዘገምተኛው ነው፤ ጥቂት ጥቂት መርዝ፣ ዓመት በዓመት። በዚህ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። የተለወጠው መርዝ ግን ከሕዋሱ መመሪያ ላይ ይጣበቃል። ሕዋሱ ራሱን ሲያባዛ መመሪያውን መገልበጥ ስላለበት መርዙ የተጣበቀበትን ፊደል አሳስቶ ይጽፈዋል። በራሽን ካርዳችሁ ላይ አንዲት ቁጥር ተሳስታ ብትጻፍ ምን መዘዝ እንደሚከተል ታውቃላችሁ። የአንዲት ፊደል ስሕተት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቅጂ ሁሉ ስሕተቱን ይዞ ይወጣል።

አፍላቶክሲን ደጋግሞ ከሚያበላሻቸው የመመሪያው ክፍሎች አንዱ ፒ-53 የሚባለው ነው። ፒ-53 የሕዋሱ ዘበኛ ነው፤ ሕዋስ ተበላሽቶ ሲባዛ ያስቆመዋል፣ ካልሆነም እንዲሞት ያደርገዋል። ዘበኛው ሲበላሽ የተሳሳተው ሕዋስ ከልካይ አጥቶ ይባዛል። ይህ ነው ከብዙ ዓመታት በኋላ የጉበት ካንሰር የሚሆነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አንድ ቀን የሻገተ የበላ ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም። ጉበት አብዛኛውን መርዝ ያስወግዳል፤ ሕዋሳችንም ስሕተቱን የማረም ችሎታ አለው። አደጋው መደጋገሙና መጠኑ ነው። ትናንት የበላችሁትን እያሰባችሁ እንድትጨነቁ አልፈልግም። ከነገ ጀምሮ መቀነስ ይቻላል፤ የቀነሰው ሁሉ ደግሞ ይጠቅማል።

ሄፓታይተስ ቢ ሲጨመርበት

ጉበትን የሚጎዳ ሌላ ጠላት አለ፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ይባዛል። በቻይና ሻንግሃይ ከ18,000 በላይ ወንዶችን ተከታትሎ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። መርዙ ብቻ የተገኘባቸው ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ3 እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው በ7 እጥፍ ገደማ። ሁለቱም ያለባቸው ግን በ60 እጥፍ ገደማ።

ስለዚህ የልጆቻችሁን ክትባት አታስተጓጉሉ። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት በጭን ላይ የሚሰጠው መርፌ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትንም የያዘ ነው። ምላጭና መርፌ አትዋዋሱ። ቫይረሱ እንዳለባችሁ የተነገራችሁ ደግሞ ከማንም በላይ ከሻገተ እህል መራቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ከዚያው ከቻይና የተገኘ ተስፋ ሰጪ ነገርም አለ። ቺዶንግ በሚባል አካባቢ ሕዝቡ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና ምግቡን ከበቆሎ ወደ ሩዝ ለወጠ። በተከታዮቹ ዓመታት በጉበት ካንሰር የሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ክትባቱን ያላገኙትም ጭምር ተጠቅመዋል።

ሕጻናትና ነፍሰ ጡሮች

ሕጻን ልጅ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ከአዋቂ የበለጠ ይበላል። ከጡት ሌላ ምግብ ሲጀምር ደግሞ በየቀኑ የሚሰጠው ያው አንድ ዓይነት ገንፎ ነው። በቤኒንና በቶጎ በተደረጉ ጥናቶች በደማቸው ውስጥ ብዙ አፍላቶክሲን የተገኘባቸው ሕጻናት ቁመታቸው ከእኩዮቻቸው ያነሰ ሆኖ ታይቷል። የመቀጨጭ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ረኀብም ተቅማጥም አለበት። ቢሆንም በዚህ ላይ መርዝ መጨመር አያስፈልግም። ነፍሰ ጡር የበላችውም መርዝ ወደ ጽንሱ ያልፋል።

እሳትና እርሾ አያድኑንም

«እሳት ያልገደለው ምን አለ?» የሚል ብዙ ሰው አለ። ሻጋታውን እሳት ይገድለዋል፤ መርዙ ግን ይቀራል። ውኃ በ100 ዲግሪ ሙቀት ይፈላል፤ አፍላቶክሲን በዚህ ሙቀት አይጠፋም። ኡጋሊ ብታገነፉት፣ ንፍሮ ብትቀቅሉት፣ ቂጣ ብትጋግሩት ያው ነው። ሊጥ ማቡካትም የሚታመን መከላከያ አይደለም። ለጠላ ቢሆን ጠላው ውስጥ ይገባል፤ አተላውንም ፍየል ትበላዋለች። ስለዚህ መከላከል ያለብን ድስቱ ሳይጣድ በፊት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ስትገዙ እዩ፣ አሽትቱ፣ ንከሱ። በደንብ የደረቀ በቆሎ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ይላላል። ከሌላው ዋጋ በጣም የረከሰ እህል ሲገጥማችሁ ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። የተለቀመ ብልሹ እህል ተመልሶ ገበያ ላይ ሲሸጥ ዓይቻለሁ። ከቻላችሁ ዱቄት ከመግዛት ፍሬውን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ራሳችሁ ብታስፈጩ ይሻላል፤ ዱቄት ውስጥ የሻገተው ፍሬ አይታይምና። የታሸገ ዱቄትም ቢሆን ሁልጊዜ ነጻ አይደለም። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. የኬንያ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት በዚሁ መርዝ ምክንያት አምስት ዓይነት የታሸገ የበቆሎ ዱቄት ከገበያ አግዶ ነበር።

2. በጨው መርምሩ። ንጹሕና ደረቅ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውሰዱ። ሲሶውን በቆሎ ሙሉት፤ ፀሐይ ላይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምሩበት። ከድናችሁ ለአንድ ደቂቃ ነቅንቁና ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው፤ ሳይደርቅ አታከማቹት። ጨው ካልተጣበቀ ደርቋል።

3. አድርቁ። የካኩማ ፀሐይ ሁላችንን ታቃጥለናለች፤ እስቲ ለዚህ እንኳ ትጥቀመን። እህሉን ባዶ መሬት ላይ አታስጡ፤ ሻጋታው የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። ሸራ ወይም ንጹሕ ጆንያ አንጥፉ፤ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ አገላብጡት። ማታ ጤዛ ወይም ዝናብ ሳይነካው አስገቡት።

4. ከመሬት አንሡ። ከረጢት መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ግድግዳም አይንካ። ሁለት ሦስት ጡብ ደርድራችሁ እንጨት ወይም ቆርቆሮ አግድሙበትና ከላዩ አስቀምጡ። በደንብ የደረቀ እህል ክዳኑ በሚጠብቅ፣ ታጥቦ በደረቀ ጄሪካን ሊቀመጥ ይችላል። እርጥብ እህል ግን በፍጹም በላስቲክ ወይም በጄሪካን አትድፈኑ።

5. ልቀሙ። ከሁሉ በላይ ይኼንን ያዙልኝ። መርዙ በከረጢቱ ውስጥ እኩል አይሠራጭም፤ አብዛኛውን የሚሸከሙት ጥቂት ፍሬዎች ናቸው። እነሱም የሻገቱት፣ ቀለማቸው የተለወጠው፣ የተሰበሩት፣ ነቀዝ የበላቸውና የተጨማደዱት ናቸው። እነዚህን በጥንቃቄ ለቅሞ ማውጣት መርዙን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ስትለቅሙና ስታበጥሩ አቧራው እንዳይገባባችሁ በነጠላ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

6. ለንፍሮ ወይም ለጊዜሪ ከሆነ በውኃ አንሳፉ። የተለቀመውን በቆሎ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። ቀለል ብሎ የተንሳፈፈውን አውጥታችሁ ጣሉ፤ የቀረውን ደጋግማችሁ እጠቡና ወዲያው ቀቅሉ። መሸክሸክ የምትችሉ ገለባውን ብታወጡለት የበለጠ ይጠቅማል፤ ብዙ መርዝ ከገለባው ጋር ይወጣል። ያጠባችሁትን እህል ልታስፈጩት ከሆነ ግን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

7. ንጹሑ ለሕጻኑ። እህል ካነሰና ሁሉንም መለወጥ ካልተቻለ ከሁሉ የተሻለው፣ በእጅ አንድ በአንድ የተለቀመው ለሕጻናትና ለነፍሰ ጡር ይሁን።

8. አቀላቅሉ። በየቀኑ በቆሎ ብቻ ከመብላት፣ ከበቆሎው ጥቂቱን በባቄላ፣ በምስር ወይም በሩዝ መለወጥ ከተቻለ ለውጡ። በእነዚህ ላይ አፍላቶክሲን ከበቆሎና ከለውዝ ያነሰ ነው።

9. የተለቀመውን ብልሹ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ደጅ ላይ ከተበተነ ልጆች ይለቅሙታል፤ ዶሮና ፍየል ይበሉታል። ለማንም አትሽጡት፤ ድኻ ገዝቶ ይበላዋልና።

10. በራሽን የተቀበላችሁት ከረጢት ሻግቶ ከተገኘ ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። እዚያው ማከፋፈያው ላይ አሳዩ፤ አቤቱታ ለሚቀበሉት ሠራተኞች ንገሩ። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ካያችሁትም ከረጢቱን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ተመለሱ። ይህ መለመን አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

ምልክቶቹ

የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የእግርና የሆድ ማበጥ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፣ ግራ መጋባት። ከእነዚህ ምልክቶች የታየበትን ሰው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በተለይ ከአንድ ድስት የበሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው ከታመሙ፣ ወይም ያንኑ እህል የበላ ውሻ ወይም ዶሮ ከሞተ፣ ይኼንን ለሐኪሙ መንገር አትርሱ። ከእህሉም ጥቂት ቋጥራችሁ አምጡ።

እኛ ዘንድ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ይባላል። ወላጆቻችን በሽታውን በስሙ ያውቁታል፤ ምክንያቱ ግን ጉበት መጎዳቱ ነው። ጉበትን የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ነው፤ ቫይረስ፣ አልኮል፣ መድኃኒት፣ እንዲሁም ይህ መርዝ። «ለወፍ በሽታ» ተብሎ የሚጨመቅ ሥርና ቅጠል አስቀድሞ የተጎዳን ጉበት ሊጨርሰው ይችላልና አትስጡት። ለአፍላቶክሲን ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው እርዳታ ግን ጉበት እስኪያገግም ሰውን ሊያቆይ ይችላል።

ከአድማጮች የመጡ ጥያቄዎች

«የማጠባ ነኝ። መርዙ በጡቴ የሚያልፍ ከሆነ ማጥባት ላቁም?» አታቁሚ እህቴ። በጡት ወተት የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ማጥባት መተው የሚያመጣው ጉዳት ግን ትልቅ ነው። አንቺ የምትበዪውን አጽጂ፤ ልጅሽን አጥቢ።

«ለውዝ አደገኛ ከሆነ ለልጄ የሚሰጠውን ፕላምፒናት ልተው?» በፍጹም እንዳትተዪ! የከሱ ሕጻናትን ለማከም የሚሰጠው ይህ የለውዝ ምግብ በአፍላቶክሲን ረገድ ጥብቅ ገደብ አለው። ገበያ ላይ የምትገዙትን ለውዝ ግን ልቀሙት። የተጨማደደ፣ የጠቆረና የመረረ ፍሬ አትዋጡ፤ ትፉት።

«የሻገተውን ለፍየሎቻችን ብንሰጥስ?» ፍየሏም ጉበት አላት። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመርዙ የተወሰነው መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ዞሮ ዞሮ ልጃችሁ ይጠጣዋል።

«ሽሮና በርበሬስ?» በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የሽሮና የበርበሬ ናሙናዎች መካከል አፍላቶክሲን የተገኘባቸው ነበሩ። በርበሬ በእርጥቡ አታስፈጩ፤ ጥቁርና ነጭ ሻጋታ ያለበትን ዛላ አውጡ። የተፈጨውን በደረቅ ዕቃ ክደኑ፤ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት።

«የሻገተ እንጀራ ጠርገን ብናደርቀውስ?» አይሆንም። ሻጋታ ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል። እንጀራ እንደሚተርፍ ካወቃችሁ ሳይሻግት በዚያው ቀን ድርቆሽ አድርጉት።

በመጨረሻ

ወደ ኚያ እናት ልመለስ። ከሦስት ቀን በኋላ ሄድኩ። መጀመሪያ «የሚጣል እህል የለኝም» አሉኝ። «ላስጥልዎት አይደለም እማማ፣ አብረን ልንለቅም ነው» አልኳቸው። ከከረጢቱ ሥር የነበረውን፣ ተያይዞ የጠጠረውንና አረንጓዴ የሆነውን ለየነው፤ ያ መዳን የማይችል ስለነበር ቀበርነው። ከላይ ደርቆ የቆየውን ሸራ ላይ አፍስሰን እሳቸው፣ ትልቋ ልጃቸውና እኔ እየተጨዋወትን ለቀምነው። ከሰዓት በኋላ ስንጨርስ ከደረቁ እህል የወጣው ብልሹ ሁለት ጣሳ አልሞላም። እሳቸውም ዓይተውት «ለዚህ ለዚህማ መጀመሪያም ብትነግሪኝ መች አስቸገርኩሽ?» አሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነበርና ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከከረጢቱ ሥር የቀበርነው ለእሳቸው ከባድ ኪሳራ ነው፤ እሱን ማካካሻ አላገኘሁላቸውም። ከረጢቱ በጡብ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፦ ተነሡና ከረጢታችሁ የት እንደተቀመጠ እዩ። መሬት ላይ ከሆነ ዝናቡ ሳይመጣ ዛሬውኑ አንሡት። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።

ጥያቄ ያላችሁ በየሰፈራችሁ ለምናልፈው የጤና ሠራተኞች ጠይቁን። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ጤናና ሰላም ለሁላችን ይሁን።